የድስት ክዳን እጀታ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አልረሳሁም፤ ለመርሳትም ሞክሬ አላውቅም። ባለቤቴ ቂምህን እንደ ጎመን መደብ ውሃ እያጠጣህ ታሳድገዋለህ ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ሊያወራው ሲገባ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ነገር እኔ ላወራለት ብዬ ነው።

ሾፌር ነኝ። አሰላ ተወልጄ አሰላ ያረጀሁ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ደብል ጋቢና ፒክአፕ አሥራ ስምንት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ሥራችን የገበሬ ነገር ስለሆነ ገጠር ለገጠር መዞር ነው፤ ዛሬ ጢቾ፣ ነገ ዲክሲስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቁልቁል ወደ ኦጎልቾ። ያቺን መኪና ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ ስል ጉራ አይደለም። ከመሪው በስተቀኝ፣ ክሩስኮቱ ላይ፣ ሦስት የሚዞሩ ቁልፎች አሏት። አንዱ የነፋሱን ኃይል፣ መካከለኛው ሙቀቱን፣ ሦስተኛው አየሩ ወደ እግር ይሂድ ወደ መስታወት የሚለውን ያዝዛሉ። ጉም ወርዶ የፊት መስታወቱን ከውስጥ እንፋሎት ሲይዘው፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ እጄን እሰድና መካከለኛውን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው አዞራለሁ። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ይታያል።

አንድ ክረምት መካከለኛው ቁልፍ እጄ ላይ ተሰበረ። መለዋወጫው አሰላ የለም፣ አዳማም የለም። ቤት ገባሁና ከባለቤቴ ትልቁ ድስት ክዳን ላይ ጥቁሩን እጀታ ፈትቼ፣ ቀዳዳውን በቢላ አስፍቼ ገጠምኩት። ልክክ አለ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ክዳኑን የምታነሳው በጨርቅ ይዛ ነው፤ እስከ ዛሬም ታነሳብኛለች። በቤታችን ቂም የሚያውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ስለ ጣቴም መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና። ከመኪናው ስወርድ ገበሬ ነኝ። ከአባቴ የቀረችኝ ቁራሽ የገብስ መሬት አለችኝ። የጭላሎ ብርድ፣ ናፍጣና ማጭድ ተባብረው የጣቶቼን ጫፍ ጠፍር አድርገውታል። ለመታወቂያ አሻራ ስሰጥ ማሽኑ አምስት ጊዜ አልቀበልም ብሎኝ፣ መዝጋቢዋ እጅዎን በሎሚ ታጥበው ነገ ይምጡ ብላ መልሳኛለች። ያን ጊዜ እየሳቅሁ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ኃላፊያችን ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። ክፉ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ሥራ ይወዳል፣ ጉቦ አይበላም፣ ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃል። ግን ሚዛኑን የጠበቀ ታሪክ የፈለገ ሰው ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ። ይህ ነገር እስከተፈጸመበት ክረምት ድረስ ጋሼ ብሎ፣ አንቱ ብሎ ነበር የሚያናግረኝ።

ከዚያ አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ነጭ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ በር ላይ ቆሞ እንኳ መነሳቱን አታውቅም። ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አስጎበኘን። ክሩስኮቱ ላይ የትሪ ያህል ስክሪን ተለጥፏል፤ ሌላ ነገር የለም። ነፋሱም፣ ሙቀቱም፣ የፊት መብራቱም፣ ሬዲዮውም እዚያ ውስጥ ነው። የወረቀት ማስቀመጫውን ኪስ ለመክፈት እንኳ ስክሪኑን መንካት ያስፈልጋል። እሱ በአንድ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ ሲያሳየን ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከስክሪኑ በታች አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለባት፣ አራቱን ፍሬቻ በአንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም የምታደርገው፣ የአደጋዋ። እንደ ድሮው የምትጫን፣ ጠቅ የምትል ቁልፍ ነች። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ሁሉን ነገር ወደ ስክሪን ሲያስገቡ እሷን ብቻ ከውጭ ትተዋታል። ለሞት ጊዜ ስክሪን እንደማይታመን እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም።

በሰኔ ወር በአዲሱ መኪና ኃላፊውን ጋቢና አስቀምጬ ወደ ዲክሲስ ተነሳን። ከከተማ ወጥተን ሽቅብ እንደተያያዝነው ጉሙ ወረደ፤ መስታወቱንም እንፋሎት ያዘው። እጄ በልማዱ ወደ ቀኝ ሄደ፤ የሚጨበጥ ነገር የለም። ስክሪኑን ነካሁት፤ ዝም አለ። ደግሜ ነካሁት፤ ዝም አለ። ጠበቅ አድርጌ ስጫነው ካርታ ከፈተልኝ። ሌላ ቦታ ስጫን ዘፈን ለቀቀልኝ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ጎማው ወደ መንገዱ ጠርዝ ሲሄድ ታወቀኝና፣ ባሕር ዛፎቹ ያሉበት ኩርባ ላይ መንገዱ መሃል ፍሬን ያዝኩ። ቀዩዋን ቁልፍ ተጫንኳት። ጠቅ ብላ አራቱም ፍሬቻዎች በሩ፤ እሷ ጣቴን ሰምታዋለች።

መስኮት ከፈትኩ። ኃላፊው ወረቀቴን አያርጥቡብኝ ብሎ አዘጋኝ። መሐረቤን አውጥቼ መስታወቱን መጥረግ ስጀምር ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ በአንድ ጣቱ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርገው መስታወቱ ጠራ። ጣቴን አየ፣ ፊቴን አየና እንዲህ አለኝ፦

"ጣትህ ሞቷል። በሞተ ጣት መኪና አይነዳም።"

ጋሼም አንቱም እዚያው ኩርባ ላይ ቀሩ።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። በማግስቱ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ግን፣ ሻይ እስኪመጣ ድረስ ብሎ፣ ተረት አድርጎ አወራው። ጣቱን አቆልምሞ፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ጠረጴዛውን ቆረቆረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቤቴ ስንት ጊዜ የበላችው የንብረት ክፍሏ ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አብሬ መሳቄ።

ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለተሳፋሪ ደህንነት ሲባል ወደ ጥበቃ ተዛውረሃል ይላል። በር መክፈትና መዝጋት፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የኃላፊውን መኪና ማጠብ ሆነ ሥራዬ። እሱ ራሱ ይነዳል። ፒክአፗ ለሌላው ሾፌራችን ተሰጠች። ያን ቀን ሁለት ነገር ፈለግሁ፤ መሪዬን መልሼ መጨበጥና ይሄ ሰው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት፣ በድያለሁ ሲል መስማት። ሁለቱን ሳላገኝ እንደማልሞት ለራሴ ማልኩ።

ፒክአፗን ከማስረከቤ በፊት ውስጧን ላጽዳ ብዬ ገባሁና የድስት ክዳኑን እጀታ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከሥሩ የቀረችው ብረት ለጣት የማትያዝ አጭር ጭራ ነች። ሌላው ሾፌር ማሞቂያዋ ሞቷል ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ማሞቂያ ወደማያሻው ወደ ኦጎልቾ ቆላ ብቻ ይልኳት ጀመር። እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ እጀታውን አሻሻለሁ። የቁልፍ ደጉ ይሄ ነው፤ ስክሪን ነቅለህ ኪስህ ውስጥ አትከትም።

አንድ የሐምሌ ቀን አዲሱን መኪና ሳጥብ፣ ኃላፊው ውስጡንም ወልውለው ብሎ ሳያጠፋው ሄደ። የረጠበውን ስፖንጅ ስዘረጋ ስክሪኑ ላይ ውሃ ተንጠባጠበ። ስክሪኑ ነቃ። ማንም ሳይነካው ዘፈኑ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። ቆሜ አየሁት። የውሃን ጠብታ ጣት ነው ብሎ ተቀብሏል። ሠላሳ ዓመት የሠራውን የእኔን ጣት ያልሰማ፣ ለውሃ ጠብታ እሺ ጌታዬ ይላል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ወርዶ ሳቅ መጣልኝ፤ ምክንያቱም አዲሱ መኪና እስካሁን ጸበል እንዳልተረጨ ትዝ አለኝ።

እኛ አገር አዲስ መኪና ሳይባረክ መንገድ አይወጣም። ክርስቲያኑ ቄስ ጠርቶ ጸበል ያስረጫል፤ ሌላውም በወጉ ሽማግሌ ያስመርቃል። ኃላፊው ሥራ በዝቶበት ትቶት ነበር። ፍልሰታ እስኪፈታ ጠበቅሁ። ከዚያ ዲክሲስ አካባቢ ስንዴው ላይ ዋግ ታየ ተባለና፣ ኃላፊው ከገበሬዎቹ ጋር ሊነጋገር በአስቸኳይ እንደሚሄድ ተሰማ። በዋዜማው ቢሮው ገባሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ መንገዱ ክፉ ነው፣ መኪናው ጸበል አልነካውም፣ የንስሐ አባቴን ጠዋት ላምጣልዎት ወይ አልኩት። ፊቱ በራ። ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝና ይቅር ብለኸኛል ማለት ነው አለኝ። አዎ አልኩት።

ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኳት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለችኝ። ቄሱ ምንም እንደማያውቁ፣ ኃጢአቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ለኃጢአቱስ አታንስም ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ጠዋት ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የሳቀው ሁሉ። ኃላፊው ጥሩ ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ስካርፍ ጠምጥሞ፣ ለቄሱ የስክሪኑን ጉድ ሊያሳይ መኪናውን አስነስቶ ከፊት ተቀመጠ። ቄሱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እጃቸው ለጋስ የሆነ አባት ናቸው፤ ጸበል ሲረጩ ቀሚስ ሳያረጥቡ አያቆሙም። ከውጭ ጎማውን፣ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን ረጩ። እኔ ጠጋ ብዬ፣ አባ፣ ውስጡንም፤ የመኪናው ልብ ያ ስክሪን ነው አልኳቸው። እሳቸውም ከጸበሉ ጆግ በእፍኛቸው ዘግነው ልቡ ላይ አሳረፉለት።

መጀመሪያ ዘፈኑ ተለቀቀ፤ እስከ መጨረሻው ድምፅ። ነፋሱ ጮኸ። ወንበሩ ኃላፊውን ይዞ ወደ መሪው ሄደ፣ ደረቱን አጣብቆ ቆመ። ቄሱ ወደ ኋላ አላሉም። ሲጮህና ሲንቀጠቀጥ ያዩትን ነገር ከጸበሉ ቦታ ያውቁታል። ውስጡ የነበረ ነገር ነው፣ ሊወጣ ነው ብለው ሌላ እፍኝ ጨመሩ፤ ቀጥሎም ሌላ። ኃላፊው አባ ይብቃዎት እያለ በመዳፉ፣ በእጅጌው፣ በስካርፉ ስክሪኑን ጠረገው፤ አሻሸው። በጠረገ ቁጥር አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ሠራተኛው በነጠላና በመዳፍ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ያን ቀንም አለቀሰች። እኔ አልሳቅሁም፤ ለራሴ ይሄ ገና ምሳው ነው፣ እራቱ ወደፊት ነው አልኩ።

በመጨረሻ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ደረቀ። በዚያ ሁሉ ማሻሸት የት ገብቶ የቱን እንደነካ እግዜር ይወቅ፣ ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ሆኗል። ኃላፊው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ሰዓቱ ደርሷል፣ ገበሬዎቹ ይጠብቃሉ፤ መሄድ ግድ ሆነበት። ለማንኛውም አብረኸኝ ሂድ አለኝ። ጋቢና ተቀመጥኩ።

ሽቅቡን ስንይዘው ጉሙ ወረደ። መኪናው ቀዝቃዛ አየር ይነፋብናል፤ ሱፉ ረጥቧል፣ ወንበሩ ረጥቧል፣ ያ ሁሉ እርጥበት መስታወቱ ላይ ወጣ። ኃላፊው በልማዱ ነካ ነካ አደረገ። የነበረው ቦታ ላይ የለም። ሌላ ነካ፤ ቀዝቃዛው አየር ባሰበት። ሌላ ነካ፤ የፊት መብራቱ ጠፋ። ነጩ ጣቱ የማያነበው ጽሑፍ ላይ ሲንከራተት አየሁ። ባሕር ዛፎቹ ያሉበት ኩርባ ላይ ስንደርስ፣ እውነቴን ነው፣ እዚያው ኩርባ ላይ፣ መንገዱ መሃል ፍሬን ያዘ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ይህን ነበር። እጄን ኪሴ ከትቼ የድስት ክዳኑን እጀታ ጨበጥኩ። ቀዩዋ ቁልፍ ከጉልበቴ አንድ ክንድ አትርቅም። እሱ ረስቷታል፤ ዓይኑ ከስክሪኑ አልወጣም። እኔ ግን አየኋት፤ አልነካኋትም። እባክዎ እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ከላይ በኩል ቃጭል ሰማሁ። የጋሪ ፈረስ ቃጭል ነው፤ ቁልቁል ሲወርድ ድምፁ ይፈጥናል። ጋሪ ፍሬን የለውም። እሱም ሰማ። ቀለሙ ተገፈፈና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ።

ጋሼ አለኝ። በዚያች ቅጽበት እጄን ብዘረጋ ጊዜ ነበረኝ። ግን ሁለት ወር ሙሉ አፌ ውስጥ ያመላለስኩት ነገር ነበር፤ እሱን ሳልለው መቅረት አልሆነልኝም።

"ምነው፣ ጣትህ ሞተ እንዴ?" አልኩት። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል አጣጥሜ።

ከዚያ ቀዩዋን ተጫንኩ። ጠቅ አለች። አራቱ ፍሬቻዎች ጉሙ ውስጥ ብልጭ ሲሉ ፈረሱ ከፊታችን ወጣ፤ ጉም ውስጥ ሆኖ ትልቅ ነበር። ነጂው ልጓሙን ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ያዘው። ፈረሱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በፊት ጉልበቱ ወደቀ፤ የጋሪው ምሰሶ ፓራውልታችንን ፍቆ ቆመ። ከጋሪው ላይ አንዲት አሮጊት ከእህል ጆንያ ጋር ተንከባልላ መንገዱ ላይ አረፈች።

ወረድን። አሮጊቷ በክርኗ ተነስታ ተቀመጠች፤ መዳፏ ተልጧል፣ ሌላ ጉዳት አልነበራትም። ፈረሱም ተነሳ፤ ጉልበቱ ይደማል። ነጂው ባሏ ነው፤ ነጭ ጢም ያለው የአርሲ ሽማግሌ። ማል ታታኒ፣ ምን ሆናችሁ ነው እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቀን። በመንገዱ ጠርዝ በኩል ምንም እንደሌለ፣ ገደል ብቻ እንደሆነ በእጁ አሳየን። መብራቱ ባይበራ ኖሮ አላይም፣ እናንተን ብሸሽ ደግሞ እዚያ ነበርኩ አለ። ከዚያ መብራቱን ማን እንዳበራ ጠየቀ። ኃላፊው ወደ እኔ ጠቆመ።

ሽማግሌው መጣና ቀኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ጠፍር የሆነውን ጣቴን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የእሱም ጠፍር ነበር። እንትፍ እንትፍ አለበት።

"ሀርኪ ኬ ሃ ኤቢፈሙ" አለኝ። "እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።"

አሜን አልኩ። የፈረሱን ጉልበት በመሐረቤ አሰርኩለት፤ ጆንያውን መልሰን ጫንን፤ አሮጊቷን ደግፈን አወጣናት። ቃጭሉ ቁልቁል ሄዶ ጠፋ።

የቀረውን መንገድ እኔ ነዳሁ። ኃላፊው መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ብርዱ ጥርሱን እያንገጫገጨው፣ እስከ ዲክሲስ ድረስ በዚያ አዲስ ስካርፍ መስታወቱን ጠረገልኝ። ልንደርስ ስንል በድዬዎታለሁ አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ የሰማው እኔና ጉሙ ብቻ ነን። እኔ የፈለግሁት አዳራሽ ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ ሾፌርነት ተመለስኩ፣ ፒክአፗም ተመለሰችልኝ። የእሱን መኪና ባለሙያ መጥቶ ቋንቋውን አስተካከለለት፤ ለሩቅ መንገድ ግን ከእኔ ጋር መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን እጀታውን ከኪሴ አውጥቼ ፊቱ ገጠምኩት። እጀታውን አየ፣ እኔን አየ። ሁለት ወር ሙሉ ማሞቂያዋን ማን እንደገደለው ያን ጊዜ ገባው። ዛሬም ጋሼ፣ አንቱ ነው የሚለኝ። አዳራሹ ውስጥ ግን የእኔን ጣት በማግስቱ ያወራ ሰው፣ የራሱን ጣት እስከ ዛሬ አላወራም። ስለዚህ ይኸው እኔ አወራሁለት።

ለንስሐ አባቴ የጸበሉን ነገር ተናዘዝኩ። አዘኑብኝ፤ ከባድ ስግደት አዘዙኝ፤ እየሳቅሁ ሰገድኩ። ስለ ቃጭሉ ግን አልነገርኳቸውም። ቃጭሉን ከሰማሁበት እስከ ተጫንኩበት ድረስ የነበረው ጊዜ፣ አባታችን ሆይን ጀምሮ በደላችንን ይቅር በለን እስከሚለው ለመድረስ የሚበቃ ነው። ለክቼዋለሁ፤ በዚያ ኩርባ ባለፍኩ ቁጥር እለካዋለሁ። ሽማግሌው የባረከው ያንን ጣት ነው።

ባለቤቴ አንድ ቀን ታዲያ ቂምህ ወጣልህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወጣልኝ አልኳት፤ አልዋሸሁም። ያ ሰው ግን ጣትህ ሞቷል ሲለኝ ቀኑን ነው የሳተው። ያኔ አልሞተም ነበር፤ የሞተው ፈረሱ ሲመጣ ነው።